የድኩላው ዓይን

ዘኪያ መገናኛ ላይ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር ትሸጣለች። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሳ ሁለት ደንበኛ ከገባ አንዱ ደጅ ይቆማል። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሽማግሌ መጡና ከኪሳቸው በጥጥ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጥጡ ሲገለጥ አንድ ዓይን ቁልጭ ብሎ አያት።

«ቢስሚላህ! ምንድን ነው እሱ?»

«አትደንግጪ ልጄ፣ መስታወት ነው። የድኩላ ዓይን ነው።»

ጋሽ አምደሚካኤል ይባላሉ። በዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ዓርብ ጡረታ ይወጣሉ። እዚያ ደርቆ የቆመው ድኩላ አንድ ዓይኑ ወድቆ ከጠፋ ዓመት አልፎታል።

«ለሚመለከተው ሁሉ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። እንዲሁ ትቼው ብወጣ ቅር ይለኛል። አምሳያውን እንድፈልግ ቀሪውን ነቅዬ አመጣሁት።»

ዘኪያ ሳጥኖቿን ሁሉ ዘረገፈች። ከአሮጌ የካፖርት ቁልፎች መሀል ጉብ ያለ፣ ጥቁር ቡናማ አንድ ተገኘ።

«ፊቱ ላይ ካላየሁት አላምንም» አለችና ሱቋን ለጎረቤቷ ለኑራ አደራ ሰጥታ አብራቸው ታክሲ ተሳፈረች።

አዳራሹ ውስጥ እባቦች በብልቃጥ ውስጥ ተጠቅልለዋል። ወፎች እግራቸው ላይ ወረቀት ታስሮላቸው በመሳቢያ ውስጥ በጀርባቸው ተኝተዋል። ድኩላው ጥግ ይዞ ቆሟል። ጋሽ አምደሚካኤል መስታወቱን በግራ፣ ዘኪያ ቁልፉን በቀኝ በሙጫ አጣበቁ። እስኪደርቅ በአውራ ጣቷ ደግፋ ያዘችው።

ቆዳው ከእጇ ሥር ሞቅ ያለ መሰላት። ከውጭ መንገድ የሚሰማው የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ቀስ በቀስ ከጆሮዋ ራቀ። ጭጋግ መጣ፤ እርጥብ ቅጠል ሸተታት፤ ከጭጋጉ ውስጥ ወፎቹ አንድ በአንድ እየተነሱ በራሷ ላይ አለፉ። ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም።

«ልጄ፣ ደርቋል እኮ።»

እጇን አነሳች። ድኩላው አያት።

ጋሽ አምደሚካኤል ድኩላው የቆመበትን ጣውላ በአንድ ጫፍ ያዙ። ከዚያ «ነይ ያዥልኝ» አሉ። ፀሐይ ቆዳውን ስለሚጎዳ መስኮት አጠገብ ማቆም ክልክል ነበር። «ለአንድ ከሰዓት ምንም አይሆንም።»

ጣውላውን ወደ መስኮቱ ገፍተው ፊቱን ወደ ግቢው ዛፎች አዞሩት።

«ጋሼ፣ አሁን ጆሮው ተንቀሳቀሰ ወይስ መሰለኝ?»

«እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስጠይቅ ነው የኖርኩት» አሉና ሁለት ወንበር አመጡ።

ነፋሱ ቅጠሉን ያወዛውዛል። ተቀመጡ።