የብስኩት ለቅሶ

ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ሱፐርማርኬት አለ። በፌስታላቸው ቀለም «ሰማያዊው» እና «ቀዩ» እንላቸዋለን። ሰማያዊው ቤቴ አጠገብ ነው፤ ወለሉ ፊት ያሳያል፣ ሙዚቃም አለው፣ ዘይቱ ግን ሁልጊዜ ከቀዩ ይወደዳል። ቀዩ ሁለት ፌርማታ ያስኬዳል፤ ቲማቲሙ ተደጋግፎ የቆመ በሽተኛ ይመስላል፣ ሚዛኑ ግን አይዋሽም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሼ ውዬ ሁለት ፌርማታ የምሄድበት ወገብ ከየት ይምጣ? ስለዚህ እየተራገምኩ ከሰማያዊው እገዛ ነበር።

እዚያ ሒሳብ ሲከፈል «መልሱን ለተራቡ ሕፃናት ይለግሳሉ?» ይባላል። ጮክ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። እምቢ ያለ ሰው ወረፋው ሁሉ ጀርባውን ሲያየው ይታወቀዋል። እኔ ግን እሰጥ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፤ አንድ ያላት እንቅልፍ የላት፣ የልጅ ነገር ሆዴን ያባባዋል።

ሰሞኑን ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የክፍሏ ልጆች ዳቦ እየቆረሱ እንደሚሰጧት ነገረችኝ። ልጄ ተወዳጅ ናት ብዬ ኮራሁ። ሞኝ!

ቅዳሜ ይዣት ሰማያዊው ገባሁ። ካሸሯ አጠገብ አዲስ ሣጥን ቆሟል፤ ላዩ ላይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ የታች ከንፈሯን ጥላ የምታለቅስ ሕፃን ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል። ከሥሩ «ዛሬም እራቷን ሳትበላ ትተኛለች» ይላል። ቀሚሷ አመድ የመሰለ ነው። ኪሷ ላይ ግን ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አለ። ያንን ቁልፍ ከአሮጌ ካፖርቴ ነቅዬ በገዛ እጄ የተከልኩት እኔ ነኝ!

ወዲያው ትዝ አለኝ። ከወራት በፊት ሚጣ እዚሁ ሱቅ ውስጥ «ብስኩት ካልገዛሽልኝ» ብላ መሬት ላይ ስትንከባለል አንድ ካሜራ የያዘ ሰው ቆሞ ነበር። ያን ቀን ምሳዋን ሁለቴ ነበር የበላችው።

«እህት፣ መልሱን ለዚህች ሕፃን ይለግሳሉ?» አለችኝ ካሸሯ።

«ለየትኛዋ?»

በጣቷ ፎቶውን አሳየችኝ፤ ከዚያ አጠገቤ የቆመችውን ሚጣን አየችና ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

«ይቺ የኔ ልጅ ናት!» ብዬ ጮህኩ። ማናጀሩ ከረባቱን እያስተካከለ መጣ።

«ይረጋጉ እንጂ፣ ለበጎ አድራጎት እኮ ነው።»

«ልጄ ጦሟን አድራ አታውቅም! ማንን አስፈቅዳችሁ ነው? ቢጫ ቀሚሷንስ ማን ነው አመድ ያስመሰለው?»

«ትንሽ አደብዝዘነዋል። ደማቅ ሲሆን ሰው አይሰጥም» አለኝ፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «አንድ ካርቶን ብስኩት በነፃ እንስጥዎት?»

ብስኩት! ከሁሉም ያንገበገበኝ እሱ ነው። በልጄ እንባ ለምነው ሲያበቁ አፌን በብስኩት ሊዘጉት! ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ደግሞ «ድሃም ብትሆኚ ምስጋና ልመጂ» አለኝ። እኔን! ልጄን በመርፌዬ የማሳድገውን!

ፎቶውን ገነጠልኩት። ጨማድጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና የገዛሁትን ሁሉ እዚያው ጥዬ፣ ሚጣን እየጎተትኩ ወጣሁ። ሁለቱን ፌርማታ በእግሬ ሄድኩ፤ ወገቤ ትዝም አላለኝ።

ቀዩ ውስጥ ሣጥን የለም። ካሸሯ መልሴን ቆጥራ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ይለግሱ አላለችኝም። ልስማት ምንም አልቀረኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቲማቲሙ ቢበሰብስም ደንበኛዋ ነኝ ብዬ ዘይቴን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ዞር ስል ሚጣ አጠገቤ የለችም።

ብስኩት መደርደሪያው ጋ ነበረች። አንዲት ትልቅ ሴት ፊት ቆማ አንገቷን ዘንበል፣ የታች ከንፈሯን ጣል አድርጋለች። ቁርጥ ፎቶውን! ሴትየዋ «እኔን፣ የኔ ምስኪን» እያሉ ቦርሳቸውን ይከፍታሉ።

ክንዷን አፈፍ አደረግኳት። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንደ ፎቶው ነዋ» አለችኝ፣ ፊቷ ወዲያው በሳቅ ፈክቶ። «ክፍልም ‹ሱቅ ፎቶሽን አየን› ሲሉኝ እንዲህ ሳደርግ ነው ዳቦ የሚሰጡኝ።»

የሣጥኑንስ ገነጠልኩት። ይሄኛውን በምን እጄ ልገንጥለው?