የጓሮው መንገድ

«ነገ ካህናቱ ሳይመጡ በጆንያ ከትቼ ርብ ወንዝ ውስጥ እጥላቸዋለሁ» አለ ካሴ። «ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ይህ ነገር እንዳይነሣ።»

ይህን ያለው ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ነው። ካሴ የሟቹ የአድማሴ ታላቅ ወንድም ነው። ድንኳኑን ያስተከለው፣ እንግዳ የሚያስቀምጥና የሚያስነሣው፣ ለቅሶውን የሚመራው እሱ ነው። የሟች ሚስት ማስተዋል ከሰሌኑ ላይ ሆና ሰማችው። ሚስት በለቅሶ ቤት ከተቀመጠችበት አትነሣም። ሰው እየገባ «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፣ እሷም «አሜን» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አፍ የላትም።

ከቤቱ ጀርባ ካለችው የሩዝ ማስቀመጫ ጎጆ የሁለቱ ውሾች ልቅሶ ይሰማል። ልቅሶ ነው እንጂ ጩኸት አይባልም፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ የሰውን ጆሮ ሰርስሮ የሚገባ ድምፅ። ወንዱ ማንያውቃል ይባላል፣ ሴቷ ሸጊቱ። ከዛሬ ጧት ጀምሮ ተቆልፎባቸዋል።

ጥፋታቸው እንዲህ ነው። አድማሴ በተቀበረ ማግሥት ማለዳ፣ ማንያውቃል በቁሐር ሚካኤል አጥር ሥር ሾልኮ ገብቶ የጌታውን መቃብር ክንድ ያህል ቆፍሮ ተገኘ። ዘበኛው ሲደርስ አፍንጫውን አፈሩ ውስጥ ቀብሮ ይተነፍስ ነበር። በዱላ አባረረው። ወሬው ግን ከዘበኛው ቀድሞ መንደር ገባ።

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላል ካሴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ። «የወንድሜን ሬሳ ጅብ ሲጎትተው ልይ? ደግሞስ ይኼ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ እግር የሌለው አውሬ፣ ውሻ ነው?»

ማንያውቃል ሬሳ ሊበላ እንዳልሄደ ማስተዋል ታውቃለች። መቆፈር ሥራው ነው። አይጥ ጉድጓድ ከገባች ተከትሎ ይቆፍራል፣ ፍልፈልም ከገባ እንዲሁ። የሚፈልገው ነገር መሬት ሥር ከገባ ከማውጣት በቀር ሌላ ነገር አያውቅም። አድማሴም መሬት ሥር ገባ። ይህን ለማን ይነግሩታል?

ጎኗ ተቀምጣ ክንዷን የያዘችው ጎረቤቷ ውዳሴ ናት። ማስተዋል ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«እታለሜ፣ ካሴን ለምኝልኝ። ውሾቹን ይተውልኝ።»

«ኧረ አንች! ባልሽ አፈሩ ሳይደርቅ ለውሻ አማላጅ ልትልኪ ነው? ሰው ምን ይልሻል? ዝም በይ እህቴ፣ ዝም አይነቅዝም።»

ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው የዚያን ቀን የማስተዋልን ሆድ ቢያየው ኑሮ ተረቱን መልሶ ይውጠው ነበር። ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች። ከድንኳኑ ውጭ የሐምሌ ዝናብ ይወርዳል፤ ከአጥሩ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ሁሉ ውኃ ነው። ግቢው ከፍ ካለች መሬት ላይ ስለሆነ ብቻ ተርፏል። መውጫው መንገድ ላይ ውኃው ጉልበት ይደርሳል፤ አድማሴን ወደ ወረታ በቃሬዛ ሲያወጡት ደግሞ ጭን ይደርስ ነበር። ትኩሳቱ ሦስት ቀን አንገላታው፤ በአራተኛው ስምንት ሰው ተሸክሞት ወጣ፤ አስፋልቱ ሳይደርሱ አረፈ። እሷ እንኳ አብራው አልነበረችም። «አንች ቤት ጠብቂ» አሏት፣ ጠበቀች።

*

ውሾቹ የመጡት ከአራት ዓመት በፊት ነው። አድማሴ አንድ ቀን ከሰዓት ቅርጫት ታቅፎ ገባ፤ ከቅርጫቱ ሁለት ረዣዥም አፍንጫ ብቅ አለ። ሲያወርዳቸው ማስተዋል ሳቋን መያዝ አቃታት። ወገባቸው እንደ ሞፈር ረዥም፣ እግራቸው ስንዝር የማይሞላ፣ ጆሯቸው መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው። የሰፈሩ ሰው «እግራቸውን ማን ቆረጠባቸው?» እያለ ሳምንት ሙሉ ሊያይ መጣ።

«ወረታ አንድ ሹፌር ነው የሰጠኝ» እያለ መለሰ አድማሴ። ከየት እንዳመጣቸው አጥብቆ የጠየቀውን ሁሉ «ማን ያውቃል» እያለ ስላሰናበተ የወንዱ ስም በዚያው ጸና።

ያን ዓመት አይጥ የሩዙን ድንበር ወንፊት አድርጎት ነበር። ድመት አልቻለውም፣ መርዝ አልቻለውም። እነዚህ እግር የለሾች ግን ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው፣ ጅራታቸው ብቻ ውጭ ቀርቶ እየተወዛወዘ፣ አንድ በአንድ ያወጡት ጀመር። የሳቀው ሰው ሁሉ ደጅ መጥናት ያዘ። «አያ አድማሴ፣ እባክህ ማንያውቃልን ለአንድ ቀን አውሰኝ» ካሉት መካከል አንዱ ራሱ ካሴ ነበር። ዛሬ ረሳው እንጂ።

አድማሴና ማስተዋል ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ነገር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱም አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው ኖሩ። ውሾቹ ከመጡ በኋላ ግን አድማሴ ማውራት ጀመረ። ከእርሻ ሲመለስ ውኃው ሲሞላ አንዱን በቀኝ ብብቱ፣ አንዷን በግራ ይዞ ይሻገራል፤ እየተሻገረም የቀኑን ውሎ ለእነሱ ይተርካል። ማስተዋል ደጅ ቆማ ትሰማዋለች። ለእሷ ያልነገራትን ከውሾቹ ላይ ትሰማለች። እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ እሷም ወደደቻቸው። ሸጊቱ ከእግሯ ሥር ካልተኛች እንቅልፍ እንቢ የሚላት ጊዜ መጣ።

*

ሰልስት ደረሰ። ማለዳ ካሴ ጆንያውንና ገመዱን ከጎጆዋ በር ላይ አስቀመጠ። «ዝናቡ ትንሽ ጋብ ይበል» አለ።

ማስተዋል ሰሌኑ ላይ ሆና የምታየው ያን ጆንያ ብቻ ነበር። ሰው ይገባል፣ ደረት ይመታል፣ ይቀመጣል። «ደግ ሰው ነበር አድማሴ» ይላል አንዱ። «ደግ ነበር፤ ግን ድብቅ ነበር» ይላል ሌላው፤ «እነዚያን ውሾች እንኳ ከየት እንዳመጣ ሳይናገር ሞተ።»

ድብቅ! ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብላ ዝም ብትል ኑሮ እንኳ ደግ ነበር፤ የእሷ ዝምታ ግን ራሱ ሙት መውቀስ ሆነ። አድማሴ መቼ ድብቅ ነበርና? የደበቀችው እሷ ናት።

ውሾቹን ያተረፈቻቸው ስንዱ ናት፤ ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትኖረው ሸክላ ሠሪዋ። ጦርነቱ በተካረረ ጊዜ አንድ በሩዝ ሥራ የመጣ ፈረንጅ ከወረታ በአንድ ሌሊት ወጣ፤ ግቢውን ቆልፎ፣ ውሾቹን ከውስጥ ትቶ። ጎረቤቱ ጩኸታቸውን ሰማ። ጩኸቱ እየቀጠነ ሲሄድም ሰማ። ተኩስ አለ፣ የሰው ግቢ ነው፣ ማን ይግባ? ስንዱ በዘጠነኛው ቀን ሸክላዋን ተሸክማ በዚያ ስታልፍ ከበሩ ሥር አንድ አፍንጫ አየች። የያዘችውን ጀበና እዚያው ሰበረችና በገሉ የበሩን ሥር ቆፈረች። ጎትታ አወጣቻቸው፣ በሸክላው ቅርጫት ጭና ወሰደቻቸው፣ ከልጆቿ አጥሚት እየቀነሰች አጠጣቻቸው። አድማሴ እንስራ ሊገዛ ሄዶ አያቸው። «አንተ ውሰዳቸው» አለችው። «እኔ ቤት ካደጉ ሰው በድንጋይ ይጨርሳቸዋል።»

አድማሴ ይህን ሁሉ ለማስተዋል የነገራት በመጣበት ቀን ነው። የዚያኑ ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ሲደግሱ፣ «ስንዱን ልጥራት» አላት።

«ቡዳዋን? ከዝክሬ ላይ?» አለች ማስተዋል። «አብደሃል? ሰው ከቤታችን እግሩን ይነቅላል።»

«እነዚህን ያተረፈች እጅ ምን አድርጋ ነው የምትፈራው?»

«እኔ አልፈራኋትም። ሰው ነው የሚፈራት። ማመስገን ከፈለግህ ሩዝ ውሰድላት፤ ግን በጓሮ በኩል ሂድ፣ ማንም እንዳያይህ። ውሾቹንም እንደነገርሁህ ሹፌር ሰጠኝ ማለትህን አትተው።»

አድማሴ ትንሽ አያት። ከዚያ ሩዙን ተሸክሞ በጓሮው መንገድ ሄደ። አራት ዓመት፣ በየኅዳር ሚካኤሉ፣ በጓሮው መንገድ ሄደ። አንድ ቀን እንኳ መልሶ አልጠየቃትም። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው።

*

ዝናቡ ጋብ አለ። ቄስ ኪዳነ ማርያምና ዲያቆናቱ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውኃውን ተሻግረው ገቡ። ካሴ ጆንያውን አነሣ። በዚያው ቅጽበት ከውጭው በር አዲስ ለቅሶ ተሰማ፤ የሴት ድምፅ ነው፣ ጎርነን ያለ።

«አድማሴ ወንድሜ፣ የጓሮዬ እንግዳ፣
ዛሬ እንኳ በፊት በር መጣሁልህ በሜዳ።»

ጎጆዋ ውስጥ የነበረው ልቅሶ ቆመ። ከዚያ የጭቃው ግድግዳ ሥር ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አፈር ወደ ውጭ ተረጨ፣ መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ራስ፣ ከዚያ ያ ረዥም ወገብ ወጣ። ከትናንት ጀምሮ ሲቆፍሩት ኑረዋል። ሁለቱም ጭቃ እንደተቀቡ በለቀስተኛው እግር መካከል እየተሽሎከሎኩ ሄደው ከሴትዮዋ እግር ላይ ወደቁ። ማንያውቃል በጀርባው ተንጋሎ ሆዱን ሰጣት።

ስንዱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አገልድማ፣ እስከ ጭኗ ርሳ፣ በሩ ላይ ቆማለች። ወደ ውስጥ አልገባችም።

ድንኳኑ ውስጥ ወሬው እንደ እሳት ዞረ። «ሸክላ ሠሪዋ!» «ለካ የእሷ ናቸው!» «መቃብሩን ያስቆፈረችው…» አንዲት እናት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች።

«አንች ነሽ ባለቤታቸው?» አለ ካሴ። «አንች ነሽ በወንድሜ መቃብር ላይ የላክሻቸው?»

«የላክሁት የለም» አለች ስንዱ። «ቆፈሩ ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁ፤ ይገድሏቸዋል ብዬ። ልቀስ ብዬም ነው። ለቅሶዬን ለቀስሁ። እናንተን እንዳላስቸግር፣ ልውሰዳቸውና ልሂድ።»

ውዳሴ የማስተዋልን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። «ዝም በይ» አለቻት በሹክሹክታ። «ትውሰዳቸው። ተገላገልሽ።»

እውነቷን ነው፤ ተገላግላለች። ውሾቹ ይተርፋሉ፣ የእሷም ስም ይተርፋል። ስንዱ ግን ከዚያች በር ውሾቹን ይዛ ከወጣች፣ ሬሳ ልታስወጣ ውሾች ላከች የሚለው ነገር እስከ ልጅ ልጇ ይከተላታል። ከዛሬ ጀምሮ ደጇ ላይ ድንጋይ ይወረወራል። ማስተዋል ይህን ታውቃለች፤ ካወቀች ደግሞ እንዳላወቀች መሆን አይቻላትም።

ክንዷን ከውዳሴ እጅ አላቀቀች። መጀመሪያ በእጇ መሬቱን ተመረኮዘች። ከዚያ ቆመች።

«አያ ካሴ፣ ጆንያውን አስቀምጥ» አለች። «ሹፌር የሚባል ሰው የለም። እነዚህን ውሾች ከሞት ያወጣቻቸው እሷ ናት። የአንተን ሩዝ ከአይጥ ያወጡት እነሱ ናቸው። ባሌ ከዝክሩ ላይ ሊጠራት ፈልጎ ነበር፤ እንቢ ያልሁት እኔ ነኝ። ሰው እንዳያይህ በጓሮ ሂድ ያልሁት እኔ ነኝ። እሱ ድብቅ አልነበረም። እኔ ነኝ ያስደበቅሁት።»

«ሐዘን አስቷት ነው» አለ አንድ ሰው።

«አልሳትሁም። አራት ዓመት ስቼ ነበር።»

ካሴ ወደ ቄሱ አየ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው መቋሚያቸውን ያሽከረክራሉ። ካሴ ጆንያውን ወረወረው። «እንግዲያውስ የወንድሜ ቤት ከዛሬ ጀምሮ የኔ ቤት አይደለም» አለና ወጣ፤ ውኃው ውስጥ እርምጃው ሲንቦጫረቅ ተሰማ። ከድንኳኑ ገሚሱ ተነሥቶ ተከተለው። ውዳሴም ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማስተዋልን ሳታያት፣ ተነሣች።

ማስተዋል ይህን ሁሉ ቆማ አየች። በመጪው መኸር ማን ደቦ እንደሚመጣላት፣ እሷ ስትሞት ማን እንደሚቀብራት አሰበች። ፈራች። ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ ስንዱን በእጇ ያዘች፤ እጇ ሻካራ ነበር፣ ሙቅም ነበር።

«ነይ ግቢ» አለቻት።

«ተይ እህቴ። በኔ ምክንያት…»

«በአንች ምክንያት አይደለም። ግቢ።»

ከሰሌኑ ላይ አጠገቧ አስቀመጠቻት። አጠገባቸው የቀሩት ሴቶች ትንሽ ራቅ አሉ፤ ውሾቹ ግን በተለቀቀው ቦታ ገብተው ተጋደሙ። ቄሱ ፍትሐቱን ጀመሩ። ሲጨርሱ የሰልስቱ ንፍሮ በሰፌድ ዞረ። እያንዳንዱ ሰው አንድ እፍኝ እየዘገነ ያስተላልፋል። ስንዱ ዘንድ ሲደርስ ሰፌዱ አየር ላይ ቆመ፤ እሷ ከዘገነች በኋላ ማንም እንደማይነካው ሁሉም ያውቃል። ስንዱም ስለምታውቅ እጇን ሰበሰበች።

«ዝገኝ» አለች ማስተዋል።

ስንዱ አንድ እፍኝ ዘገነች። ማስተዋል ለራሷ ከሰፌዱ አልወሰደችም። መዳፏን ከስንዱ መዳፍ ሥር ዘረጋችና ጠበቀች። ስንዱ አየቻት፤ ከእፍኟ ግማሹን ቀስ ብላ ገለበጠችላት። ማስተዋል ሰው እያየ አንድ ፍሬ አፏ ውስጥ ጨመረች፣ አኘከችና ዋጠች፤ ሁለተኛውን ልትደግም ስትል «አድማሴ» አለች፣ ከሞተ ወዲህ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርታ፤ ንፍሮውን ጨብጣ እንደያዘች ስንዱ ትከሻ ላይ ተደፋች።