ኮፈን ውስጥ የቀረው እግር

እግር ሠሪዋ ሰው ቤት ድረስ ሰው ሠራሽ እግር ይዛ ስትሄድ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ሌላ ጊዜ ደንበኞቿ ራሳቸው ናቸው ወደ ወርክሾፑ የሚመጡት፤ አንዳንዱ በክራንች፣ አንዳንዱ በተሽከርካሪ ወንበር፣ አንዳንዱም የወንድሙን ትከሻ ተደግፎ። እኚህኛው ሰውዬ ግን ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞላቸው ሦስት ጊዜ ቀሩ። ልካቸው የተወሰደው ሆስፒታል ሳሉ፣ ቁስላቸው እንደ ዳነ ነው፤ እግሩ ተሠርቶ ካለቀም ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ወርክሾፑ ቁም ሳጥን ውስጥ ባለቤቶቻቸው መጥተው ያልወሰዷቸው ሁለት እግሮች አሉ። አቧራቸውን የምትጠርገው እሷ ናት። ሦስተኛ እንዲጨመርባቸው አልፈለገችም። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት አዲሱን እግር በካርቶን አሸገች፣ የመሣሪያ ሳጥኗን ጨመረች፣ ሁለቱንም ወንድሟ በለቀቀላት አሮጌ መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ከታ ወጣች።

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ መዶሻ ነው የሚላቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና እየቀጠቀጡ ሲያቀኑ ኖረዋል። ስኳር በሽታ ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በታች ከወሰደባቸው አምስት ወር ሆኗቸዋል። ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ከገቡ ወዲህ የግቢውን በር አልፈው አያውቁም። ጠያቂ ሲመጣ ተኝተዋል ይባላል።

በሩን የከፈቱላት ባለቤታቸው ናቸው፤ መጋረጃ ሰፊ ስለሆኑ አንገታቸው ላይ የልክ ሜትር እንደ ተንጠለጠለ ነበር።

«እሰይ፣ መጣሽልኝ!» አሉ በሹክሹክታ። «ዛሬም እንዳማረራቸው ነው፤ ቃላቸው ቢከፋ እንዳይሰማሽ፣ ልጄ።»

ጋሽ መዶሻ መንገዱን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሰላምታዋን ሳይዞሩ ነው የመለሱት።

«አልፈልግም አላልኩም እንዴ? አልነገሩሽም?»

«ነግረውኛል፣ ጋሼ። አይተው እንቢ ይበሉኝ ብዬ ነው።»

«የታለ?»

«መኪና ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው አሳዪኝና መልሰሽ ይዘሽው ሂጂ። ቀን እንዳላባክንብሽ።»

እግር ሠሪዋ ይኼም አንድ ነገር ነው ብላ ወጣች። መኪናዋ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ቆማለች። የሪሞቱን ቁልፍ ስትጫን በሮቹ ቀጭ ብለው ተከፈቱ፤ ኮፈኑ ግን ዝም። ደግማ ተጫነች፤ ዝም። ገብታ ከመሪው ሥር ያለውን መክፈቻ ነካች፤ እሱም ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። ወጥታ ክዳኑን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። ንቅንቅ አላለም። ከቤቷ ስትነሳ በደህና የከፈተችው፣ በደህና የዘጋችው ኮፈን ነው።

«ምን ገጠመሽ፣ እህቴ?» አለ አንድ ሰው ከጀርባዋ። ጎረቤት የሚኖር አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ዕረፍት ቀኑ ስለሆነ በነጠላ ጫማ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ሆዱ ከፊቱ ቀድሞ የሚሄድ፣ ሰው ችግር ላይ ሲወድቅ ደስ የሚለው ዓይነት ሰው ነው፤ በክፋት ሳይሆን መርዳት ስለሚወድ።

«ኮፈኑ አልከፈት አለኝ።»

«ይኼማ ሥራ ነው?» አለና ክዳኑን በጡጫው ሁለቴ ነረተው። «በይ አሁን ተጫኚ!»

ተጫነች። ምንም። ክዳኑ ላይ ተቀመጠበትና «ስነሳልሽ ተጫኚ!» አላት። ተነሳ፤ ተጫነች፤ ምንም። ሦስት ጊዜ ተቀመጠ፣ ሦስት ጊዜ ተነሳ። በመጨረሻ ላቡን ጠርጎ «ቆይ፣ ከቤት ብረት ላምጣ» ብሎ ሄደ። እጁ የሚያህል ዘንግ ይዞ ሲመለስ የመስኮቱ መጋረጃ ተገለጠ።

«ተው!» አለ ከውስጥ የመጣ ድምፅ። «ተው አልኩህ! ቦዲውን ልታጣምመው ነው እንዴ?»

አውቶቡስ ነጂው ዘንጉን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። ያንን ድምፅ ከሰማ አምስት ወሩ ነው።

«ጋሽ መዶሻ! እንደምን አሉ?»

«እኔን ተወኝ። አንቺ ልጅ፣ ስትጫኚው ድምፅ አለው?»

«የለውም፣ ጋሼ።»

«ጠቅ እንኳ አይልም?»

«ምንም።»

«ጠቅ ብሎ እንቢ ካለ መቆለፊያው ነው የተያዘው። ጠቅ ካላለ መብራት አልደረሰውም። ይኼ ሰውዬ በከንቱ ነው የሚነርተው። የቁልፍ ቀዳዳስ የለውም?»

«ነበረው። ወንድሜ ከኋላ ተገጭቶ ክዳኑን ሲቀይሩለት ቀዳዳ የሌለው ገጠሙለት።»

«ማን ነው የገጠመው?»

«እኔ እንጃ።»

«አለማወቅሽ ይሻላል» አሉና በረጅሙ ተነፈሱ። «ፊውዙን እዪው። ከመሪው በታች በግራ በኩል ክዳን አለ፤ እሱን ንቀይው።»

ነቀለችው። በመስኮት በኩል እየጮኹ የትኛውን እንደምታወጣ ነገሯት፤ ቦታው ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ያለውን የሬዲዮኑን ፊውዝ አስገባች። ኮፈኑ አሁንም ዝም አለ። የኮፈኑን ፊውዝ ሬዲዮኑ ላይ ስትሞክረው ግን ሬዲዮኑ ዘፈነ።

«ፊውዙ ደህና ነው» አለች።

የመስኮቱ መጋረጃ ተመልሶ ተዘጋ። የሰለቻቸው መሰላት። ከዚያ ግን ከቤት ውስጥ ቋ፣ ቋ የሚል የክራንች ድምፅ ተሰማ፤ ጥቂት ቆይቶ የግቢው በር ተከፈተ። ጋሽ መዶሻ በቢጃማ ሱሪ፣ አንድ እግራቸውን በጫማ፣ የሌላውን ሱሪ በመርፌ ቁልፍ አጥፈው ወጡ። ባለቤታቸው ከኋላ ወንበር ተሸክመው ይከተላሉ። አውቶቡስ ነጂው አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ባለቤታቸው በዓይናቸው ከደኑት።

ጋሽ መዶሻ መኪናዋን አንዴ ዞሯት። ክዳኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ዳር ዳሩን በጥፍራቸው ተከተሉት። «ሲገጥሙት እንኳ አላስተካከሉትም» ብለው አጉረመረሙ። ቀጥለው «መብራት አብሪ» አሏት። አበራች።

«የታርጋው መብራት አይሠራም» አለ አውቶቡስ ነጂው።

«ፍሬን ያዢ። ስቶፑስ?»

«እሱ ይሠራል።»

«በቃ፣ ተገኘ» አሉ ጋሽ መዶሻ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደመና ትንሽ ገለጥ ሲል እግር ሠሪዋ አየች። «ስቶፑ ያለው ቦዲው ላይ ነው። የታርጋው መብራትና መቆለፊያው ያሉት ክዳኑ ላይ ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ነው የሞተው። ሽቦው ወደ ክዳኑ የሚሻገረው በማጠፊያው በኩል ነው፤ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣ እዚያ ላይ ተበጥሷል።»

«ታዲያ እንዴት እንድረስበት?»

«ከውስጥ ነዋ። የኋላውን ወንበር አንሱት።»

የእግር ሠሪዋ መሣሪያ ኮፈኑ ውስጥ ነው። አውቶቡስ ነጂው ከዘንጉ ሌላ ያለው ነገር የለም። ይኼን ሲባባሉ ባለቤታቸው ሳይታዘዙ ቤት ገቡና ከአልጋ ሥር የጎተቱትን የቆዳ ቦርሳ ይዘው መጡ። ጋሽ መዶሻ ቦርሳውን አዩት፤ ሚስታቸውንም አዩ።

«ሸጥኩት ብለሽኝ አልነበረም?»

«ያኔ አምጪው ሳይሆን ሽጪው ስላሉኝ ነው» አሉ ባለቤታቸው፤ ቦርሳውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

የመኪናዋ የኋላ ወንበር በሁለት ብሎን ብቻ ነበር የታሰረው። ሲነሳ ከጀርባው በብረት የተከበበ ቀዳዳ ወጣ፤ ስፋቱ ትንሽ መስኮት ያህላል። በዚያ በኩል ካርቶኑ ይታያል፤ ግን ካርቶኑ ከቀዳዳው ይሰፋል፤ በዚያ ላይ የመሣሪያ ሳጥኑ ተጭኖታል። ሰው ግማሽ አካሉን አስገብቶ መቆለፊያውን ከውስጥ መንካት አለበት። አውቶቡስ ነጂው ሞከረ፤ ሆዱ ቀዳዳው አፍ ላይ ቀረ። እግር ሠሪዋ ሞከረች። ጭንቅላቷና ትከሻዋ ገቡ፤ እጇን ዘረጋች፤ መቆለፊያው ግን አንድ ስንዝር ራቃት። ወደፊት እንዳትገፋ ጉልበቷን የፊተኛው ወንበር ያዘው። ያ ወንበር ደግሞ ወደፊት መሄድ ካቆመ ዓመት አልፎታል።

ፀጉሯ ተንጨባሮ ወጣች። «አይደርስም።»

«እጅሽ አይደለም ያጠረው» አሉ ጋሽ መዶሻ። «እግርሽ ነው የበዛው። ሁለት እግር እዚያ ውስጥ መታጠፊያ የለውም። የእኔ አንድ ነው፤ ይበቃዋል።»

መጀመሪያ የሳቁት ባለቤታቸው ናቸው፤ አፋቸውን በልክ ሜትሩ ጫፍ ሸፍነው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። ጋሽ መዶሻ ክራንቻቸውን ለአውቶቡስ ነጂው ሰጡት፣ ከቦርሳው ትንሽ የእጅ ባትሪ አውጥተው በጥርሳቸው ነከሱ፣ ካቻቪቴያቸውን ይዘው ገቡ። አንዱን ጉልበት አጠፉ፤ የተቆረጠው እግራቸው ከወንበሩ ጋር ምንም አልተጣላም። ትከሻቸው ሰፊ ስለሆነ በጎን ሾለኩ። ባለቤታቸው እንዳይንሸራተቱ ጫማቸውን በሁለት እጅ ይዘዋል።

«ካርቶን ፊቴ ላይ ነው!» አሉ ከውስጥ፣ ባትሪውን ከአፋቸው አውጥተው።

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ እግርዎ ነው!» አለች እግር ሠሪዋ።

«የእኔ ከሆነ ለምንድነው የሚገፋኝ?»

ብረት ብረትን ሲፍቅ ተሰማ። ትንፋሻቸው ከበደ። እግር ሠሪዋ ቢደክማቸውስ፣ ቢያማቸውስ እያለች ደቂቃ ስትቆጥር ቆየች። ድንገት ጠቅ አለና ክዳኑ ራሱን ከፍ አደረገ። አውቶቡስ ነጂው ሮጦ ገለበጠው። ጋሽ መዶሻ ካርቶኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ፀሐይ ዓይናቸውን ወግቷቸው፣ ከኮፈኑ ውስጥ ወደ መንገዱ ይመለከታሉ። በዚያ መሃል ከማዶ ሱቅ ሁለት ሴቶች፣ ከላይኛው ፎቅ አንድ ሽማግሌ ብቅ ብለው ነበር።

«ጋሽ መዶሻ! ተኝተዋል ሲሉን እዚህ ነው እንዴ የተኙት?» አለ ሽማግሌው ከፎቅ።

«ቤቱ ሲጠበኝ ጊዜ» አሉ።

ውጡ ቢባሉ አልወጣ አሉ። ማጠፊያው ላይ ያለውን የጎማ ቱቦ ወደ ኋላ ሸልቅቀው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ጎተቱ። ጥቁሩ ሽቦ እጃቸው ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ ቀዩም ክር ያህል ብቻ ነው የቀረው። «ናስትሮና ቢላ!» አሉ። ልጠው፣ ጠምዝዘው፣ ቀጥለው፣ በናስትሮው አሸጉትና በኮፈኑ አፍ በኩል ወጡ። እግር ሠሪዋ መክፈቻውን ስትጫን ኮፈኑ ጠቅ አለ። እየተዘጋ ሦስት ጊዜ ተሞከረ፤ ሦስቱንም ተከፈተ።

«ይኼ ለጊዜው ነው» አሏት። «ረዘም ያለ ሽቦ ይቀጠልበት፤ አለበለዚያ በዓመቱ መልሶ ይበጠሳል።»

አሁን የኮፈኑ አፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ጠቁሯል፤ ካርቶኑ ከጎናቸው ነው። እግር ሠሪዋ ብትናገር የምታበላሽ መስሏት መሣሪያውን ወደ ቦርሳው መሰብሰብ ያዘች። ቆይተው እሳቸው ራሳቸው ካርቶኑን በካቻቪቴ ቀደዱት። እግሩን አውጥተው ገለበጡት፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለውን ብሎን ጠበቅ ላላ አደረጉት፤ ብረቱን በጣታቸው አንኳኩ።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«ብየዳውስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ነው» አሉ፤ እንደ ቅር ያላቸው ሰው ሆነው። «በይ እንሞክረው። እዚሁ። ቤት ከገባሁ ሐሳቤን እለውጣለሁ።»

መንገድ ላይ፣ ኮፈኑ አፍ ላይ እንደ ተቀመጡ፣ የተቆረጠው እግራቸው ላይ ካልሲ አለበሰችላቸው፤ እግሩንም አጠለቀችላቸው። በአንድ ወገን ባለቤታቸውን፣ በሌላው መኪናዋን ይዘው ቆሙ። ፊታቸው ተጨማደደ። ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

«ያማል።»

«የቱ ጋ?»

«ከጉልበቴ በታች፣ ከፊት ለፊት። ደግሞ ይዋዥቃል።»

ልኩ ከተወሰደ ወዲህ የተቆረጠው እግራቸው ከስቷል፤ ይኼ የሚጠበቅ ነው። ቦታውን በእርሳስ ምልክት አደረገችበት። ውስጡ በስስ ስፖንጅ መሞላት እንዳለበትና ይኼም ወርክሾፕ እንደሚፈልግ ነገረቻቸው። እግሩን ስታወልቅ ጋሽ መዶሻ ካርቶኑ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«መልሰሽ ልትወስጂው ነው?»

«መልሰሽ ይዘሽው ሂጂ ብለውኝ አልነበር?»

«መቼ ነው የምታመጪው?»

«ለሐሙስ።»

«ጠዋት ነው ከሰዓት?»

«ጠዋት።»

«እንዳትቀሪ» አሉ፤ እሷ ዘንድ ሦስት ጊዜ እንደ ቀሩ ጨርሶ የረሱ መስለው።

ሐሙስ ጠዋት ስትደርስ ግቢው በር ላይ ወንበር አውጥተው ይጠብቋት ነበር፤ ጺማቸውን ተላጭተው፣ ሙሉ ሱሪ ለብሰው። ስፖንጁ ልክ ሆነ። ሕመሙ ጨርሶ ባይጠፋም የሚቻል ነው አሉ። በሁለት ክራንች እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ እሄዳለሁ ብለው ተነሱ። ማንም አብሯቸው እንዲሄድ አልፈለጉም። «እንደ ሕፃን አትከታተሉኝ» ብለው ተቆጡ። እግር ሠሪዋ በሩ ላይ ቆማ እርምጃቸውን ትመለከታለች፤ የአዲሱ እግር ጫማ ትንሽ ወደ ውጭ ይዞራል፤ እሱን በኋላ ታስተካክለዋለች።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደ ሄዱ ባለቤታቸው ነጠላቸውን ደረብ አድርገው ከግቢው ወጡ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው፣ ለዓይን ሳይርቁ ለጆሮ ሳይቀርቡ ተከተሏቸው። ጋሽ መዶሻ ጥጉ ላይ ደርሰው ትንፋሻቸውን ሰብስበው ሲዞሩ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ወዴት ነው አንቺ?»

«መጋረጃ ላደርስ ነዋ። ደንበኛ ይጠብቀኛል።»

ጋሽ መዶሻ ክራንቻቸውን ተደግፈው ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«ባዶ እጅሽን?»

ባለቤታቸው እጃቸውን ተመለከቱ። እውነትም ባዶ ነበር። ከዚያ ተያይተው ሳቁ፤ እስከ ቤታቸውም ጎን ለጎን ሆነው፣ ቀስ እያሉ ተመለሱ።