ወደ ምዕራብ የሚያየው ግድግዳ

ዴንዚል ካርሞዲ ዕድሜውን ሙሉ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤት ሲነድፍ የኖረ አርክቴክት ነበር። ብሪዝበን ከተማ መሃል፣ ወንዙ ዳር፣ የቁማር ቤትና ሆቴል ያለበት ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሊሠራ ታስቦ ንድፉ ለቢሯቸው ሲሰጥ፣ ባልደረቦቹ እሱ እሺ ይላል ብለው አልጠበቁም። እሱ ግን ራሱ ጠይቆ ወሰደው። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም።

ምክንያቱ ታላቅ እህቱ ብሮንዊን ነበረች። እናታቸው ሆስፒታል ተኝታ በነበረበት ሰሞን ሁለቱ እየተፈራረቁ ያስታምሟት ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ በብሮንዊን ተራ፣ "ትንሽ አየር ልቀበል" ብላ ወጣችና መንገዱን ተሻግራ የቁማር ማሽን ያለበት ክበብ ገባች። እናታቸው ሲመሻሽ ብቻዋን ሞተች። ዴንዚል ከሥራ ሲደርስ አልጋው ተነጥፎ ነበር። ብሮንዊን የመጣችው ከእሱም በኋላ ነው።

"መምሸቱን አላወቅሁም። እዚያ ቤት እኮ መስኮት የለም" አለችው።

አመናት። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንስተው አያውቁም፤ ነገሩ ግን ከጭንቅላቱ አልወጣም።

ስለዚህ ንድፉን ሲጀምር፣ ከሕንፃው ቁመትም ከሆቴሉ ክፍሎችም በፊት የሣለው አንድ ግድግዳ ነው። የቁማር አዳራሹ በምዕራብ በኩል ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ይሆናል። የሚጫወተው ሰው ቀና ካለ ወንዙን ያያል፣ የሚመላለሱትን ጀልባዎች ያያል፣ ሰማዩ ሲቀላና ማዶ መብራት ሲበራ ያያል። መሽቷል ብሎ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የጥር ፀሐይ አዳራሹን እንዳያነድደው ደግሞ ከመስታወቱ ውጭ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ፣ ፀሐይ የሚከልሉ ሰፋፊ የነሐስ ክንፎች ደረደረ። ሙቀቱን መልሰው ብርሃኑን እንዲያሳልፉ ክንፎቹ ምን ያህል መዞር እንዳለባቸው ሲፈትሽ ወራት ፈጀበት።

የባለሀብቶቹ ወኪል ራሰል ቲንዳል የሚባል፣ ከሁሉም ጋር ቶሎ የሚግባባ ግዙፍ ሰውዬ ነበር። ዴንዚል ሞዴሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ስለ መስታወቱ ሲያስረዳው፣ ክርክር ይነሳል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ራሰል ጎንበስ ብሎ የነሐሱን ክንፎች በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው።

"ቆንጆ ነው" አለ።

"አዳራሹ ውስጥ ቀንና ማታው ይታወቃል ማለት ነው" አለ ዴንዚል፣ ያልገባው መስሎት።

"ገብቶኛል ወዳጄ። ቆንጆ ነው አልኩህ እኮ። እንዲያውም የሰፈሩ ሕዝብ ስለ ሕንፃው ሲሰበሰብ አንተው አስረዳ። አንተ ስትናገር ሰው ያምናል።"

በስብሰባው ቀን መሰብሰቢያው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የቁማር ቤቱን ከሁሉ አጥብቀው የሚቃወሙት ዊኒፍሬድ ኦስትሌ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ዴንዚል ተናግሮ ሲጨርስ እጃቸውን አውጥተው ተነሱ።

"ልጄ፣ ይሄ መስታወት የምር ይሠራል? ወይስ ለሥዕሉ ማሳመሪያ ነው?"

"የምር ነው። እኔ ራሴ እቆምለታለሁ።"

ሴትዮዋ ትኩር ብለው አዩት። "እንግዲህ ቃል ሰጥተኸኛል" ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰዎች የቁማር አዳራሹን መቃወማቸውን ትተው፣ ወንዙ ዳር ያሉት ዛፎች እንዳይቆረጡ ብቻ ጠየቁ። የማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴም ፕላኑን ሲያጸድቅ መስታወቱን ለይቶ ጠቅሶ አመሰገነ። ዴንዚል የዚያን ቀን በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ፤ አውቶቡስ ውስጥ ተዘግቶ መቀመጥ አላስቻለውም።

ክረምቱ ሲገባ የአዳራሹ ፕላን በውስጥ ማስዋብ ባለሙያዎች ተሻሽሎ ተመለሰለት። መስታወቱ አለ፤ ክንፎቹም አሉ። ከመስታወቱ ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ያህል ገባ ብሎ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ ድፍን ጥቁር ግድግዳ ተሠርቷል። በመስታወቱና በግድግዳው መካከል ተክሎችና መብራቶች ተደርድረዋል። ዴንዚል፣ ፕላኑን ያሻሻለው ሰው ተሳስቶ ነው ብሎ ራሰል ጋ ደወለ።

"አንድ ስህተት አይቻለሁ።"

"ግድግዳውን ነው?" አለ ራሰል። "ስህተት አይደለም ወዳጄ። አንዲት ክንፍ አልነካንብህም። ከውጭ ለሚያየው ሰው ምንም ልዩነት የለውም።"

"ከውስጥስ?"

"ከውስጥማ ሰው የሚመጣው ሊጫወት ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ማየት ያማረው ጀልባ ይሳፈር።" ሳቀ፤ ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም።

ዴንዚል ወደ ቢሮው ኃላፊ ወደ ፊሊፓ ገባ።

"ዴን፣ ንድፉ የእነሱ ነው። ውሉን አብረን ነው የፈረምነው" አለችው።

"ለሴትዮዋ በሰው ፊት ቃል ሰጥቻለሁ።"

"አውቃለሁ። ግን እዚህ ያለው ሰው ሁሉ የሚበላው ከዚህ ሥራ ነው። ምን ላድርግልህ?" አለችው። አነጋገሯ የምር መልስ የምትፈልግ ይመስል ነበር።

ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ያስተናገደችው ትሕትና ያላት ባለሙያ ነበረች። ከውጭ የሚታይ ለውጥ ስለሌለ እንደ ቀላል ማሻሻያ እንደሚታይ፣ እንደገና ለሕዝብ እንደማይቀርብ አስረዳችው።

"ግን የተፈቀደው እኮ በመስታወቱ ምክንያት ነው" አላት።

"መስታወቱ አለ እኮ፣ ጌታዬ።"

የሄደበት ሁሉ አንድም ሰው አልዋሸውም፤ ያደከመውም ይኸው ነበር።

በመጨረሻ ለዊኒፍሬድ ደወለላቸው። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው።

"እንደገና መቃወም እንችላለን?"

"ጊዜው አልፏል።"

"ታዲያ ለምን ደወልክልኝ?"

መልሱን አልጠበቁም።

"አንተን ባላምንህ ኖሮ ልጄ፣ ይሄኔ እየተሟገትን ነበር" አሉና ስልኩን ዘጉት።

ዴንዚል ሥራውን ለቀቀ። በሱ ቦታ ሌላ ሰው ተተካ፤ ንድፉ አንድ ቀን እንኳ አልተስተጓጎለም። ስሜን ከሞዴሉ ላይ አንሱልኝ ብሎ ሲጠይቅ፣ የነደፍከው አንተ ስለሆንክ ማንሳቱ ነውር ይሆንብናል የሚል የአክብሮት መልስ መጣለት። ወዲያው ወንዙ ዳር አጥር ታጠረ፤ ቁፋሮም ተጀመረ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እህቱ ወደምትኖርበት የባሕር ዳር ሰፈር ወደ ሬድክሊፍ ሄደ። ቤቷ አልነበረችም። የት እንዳለች ስለሚያውቅ ለማንም ሳይደውል ወደ ሰፈሩ የቁማር ክበብ አቀና። ብሮንዊን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ የቀዘቀዘ ጥብስ ድንች አጠገቧ አስቀምጣ፣ ማሽኗ ፊት ተቀምጣለች።

"አንተ! ምን እግር ጣለህ? ቁጭ በል። ድንች ብላ።"

ከጎኗ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት። የመስታወቱን ግድግዳ የሣለው ለእሷ መሆኑንም ለመጀመሪያ ጊዜ ነገራት። እሷ ማሽኑን መጫን ሳታቆም ነበር የምታዳምጠው።

"ለእኔ?"

"ያን ቀን መስኮት የለም ብለሽኝ ነበር።"

ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ።

"ዴኒ፣ አውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"መምሸቱን። ሲጋራ ላጨስ ወጥቼ ፀሐይዋ ስትወርድ አይቻለሁ። ስልኬም ጠርቷል፤ ሆስፒታሉ መሆኑን አይቻለሁ። ተመልሼ ገባሁ።" ዓይኗን ከማሽኑ አላነሳችም። "መስታወት ብታቆምልኝም ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቀመጠው። እዚህ ያለነው ሁላችንም እንደዚያው ነን።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? አንተ ጥፋቱን ለቤቱ ሰጠኸው። እኔም ደስ አለኝ።"

ዴንዚል ሊቆጣት ፈለገ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። ይህን ያህል ዘመን የተሸከመው ነገር ከእጁ ወጥቶ፣ በምትኩ የሚይዘው ያጣ ሰው ሆነ።

"ነይ እንሂድ" አላት። "ወደ ባሕሩ ወረድ ብለን ትንሽ እንራመድ።"

"እሺ። ትንሽ ቆይ።"

ቆየ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ድንቹን በላው። ኋላ ብሮንዊን ወገቧን ይዛ ተነሳች፤ እሱም ጃኬቱን አነሳ።

"ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ" አለችው። "እስከዚያ ወንበሬ ላይ ቁጭ በልልኝ፣ ማሽኑን ሰው ይወስድብኛል።"

"ብሮኒ፣ እንሂድ አልሽ እኮ።"

"እንሄዳለን። ምንም አትንካ፣ ብቻ ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። ሙቀቷ ገና ከወንበሩ አልወጣም ነበር። አጠገቡ ያለው ሽማግሌ ዞር ብሎ አየው።

"አትጫወትም?"

"አይ፣ ለእህቴ ነው የያዝኩት።"

"ጥሩ ወንድም ነህ" አለ ሽማግሌው፣ ወደ ማሽኑም ተመለሰ።