ቀለም የተቀባው ራዲያተር

ቱሪድ የመዳቡን ማቀዝቀዣ ከኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ላይ ፈትታ ስታነሣው፣ ከቱቦው ጫፍ የተንጠባጠበው ውሃ ወተት ጠብ ያለበት ይመስል ነበር። በጥር ወር ስትሞላው ጥርት ያለ ነበር። የማቀዝቀዣውን ክዳን ከፈተች። በስስ የመዳብ ጥርሶቹ መካከል ነጭ ዝቃጭ ተጋግሯል። በጣቷ ዳሰሰችውና ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ በኃይል አስቀመጠችው።

"ስታይናር!"

ታናሽ ወንድሟ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ቡናማ አይብ የተደረበበት ዳቦውን ይገምጣል። "እየበላሁ ነው" አለ።

"ና ወዲህ። ይኼ ምንድን ነው?"

"ዝቃጭ ነዋ። ይጸዳል።"

"እንደሚጸዳማ አውቃለሁ። ከየት መጣ ነው የምልህ!"

"እኔ ምን አውቄ? ውሃው ይሆናል።"

ውሃው እንዳልሆነ ቱሪድ ታውቃለች። በዮቪክ ከተማ ሰው ሠራሽ ጥርስ በመሥራት የምትተዳደር በመሆኗ፣ የተለያዩ ብረቶች እርጥበት ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን እንደሚበላ ከሥራዋ ተምራለች። ኮምፒውተር በውሃ የሚያቀዘቅዙ ሰዎችም ከሁሉ በፊት የሚማማሩት ይህንኑ ነው፤ መዳብ ባለበት ውሃ ውስጥ አልሙኒየም አይገባም። ከገባ አልሙኒየሙ ቀስ በቀስ እየተበላ ይሄዳል፤ ፍርፋሪው ጠባቦቹን መተላለፊያዎች ይደፍናል፤ ውሎ አድሮም ውሃውን የሚያበርደው ራዲያተር ተበስቶ ውሃው ኤሌክትሪኩ ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ዕቃውን ሁሉ ራሷ መርጣ ገዝታ ነበር። አንዱም አልሙኒየም አልነበረበትም።

ቢላዋ አነሣችና የራዲያተሩን ጥቁር ቀለም ከጠርዙ ላይ ፋቀችው። ከሥሩ ቢጫ ነሐስ ጠብቃ ነበር፤ ብቅ ያለው ግን እንደ ድስት ክዳን የነጣ ብረት ነው።

ስታይናር ማኘኩን አቆመ።

"የኔ ራዲያተር የት አለ?"

"መጀመሪያ አትጩኺ።"

"ገና መች ጮህኩ!"

"ማራገቢያዎቹን ሳስር…" ዳቦውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። "ረጅሙን ብሎን አስገባሁ። ውስጡን ወጋው።"

"አጭሩን ለይቼ ሰጥቼህ አልነበረም?"

"ረጅሙ የበለጠ ያጠብቃል ብዬ ነዋ።"

"ሲወጋውስ ቋ አላለም?"

"አለ።"

"እና?"

"ግማሽ ዙር ጨመርኩበት።"

ሌላ ቀን ቢሆን ቱሪድ በሳቅ በፈነዳች ነበር። ዛሬ ግን ጥያቄዋን ቀጠለች። የተቀረውን አንድ በአንድ አወጣጣችው። የተወጋውን ጥሎታል፤ በዚያ ልክ ሱቁ ውስጥ የተገኘው አልሙኒየም ብቻ ነበር፤ ገዝቶ፣ ጥቁር ቀለም ነፍቶ በቦታው አሰረው። መዳብና አልሙኒየም እንደማይስማሙ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ማሽኑ እስከሚወዳደርበት የቅዳሜው የኮምፒውተር ትርኢት ድረስ ይቆይልኛል ብሎ ነው።

ብሎኑን ይቅር ማለት ይቻላል። እጅ ይስታል፤ ዓይንም ይዘናጋል። ቀለም መቀባት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጣሳው ይናጣል፤ ይነፋል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሁለተኛ ይደገማል። ስታይናር በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ሊተነፍስ ይችል ነበር፤ አልተነፈሰም። ቱሪድን ያንገበገባት ይህ ነው። ስሕተት በቅጽበት ይፈጸማል፤ ማታለል ግን ሰው አስቦበት፣ እጁን ታጥቦ የሚሠራው ሥራ ነው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ምን ልትዪ? ዓምና አንድ ቱቦ ጫርኩ ብለሽ ከዚህ አስወጥተሽኝ ወር ሙሉ ዘጋሽኝ። ለወይዘሮ እንከን የለሽ ማን ነው ደፍሮ የሚናገረው?"

"አሃ! ጥፋቱ የኔ ሆነ?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"ብለሃል!"

ዓምና ያደረገችው እውነት ስለሆነ ቃሉ ወጋት። እውነት መሆኑ ግን በራዲያተሩ ላይ የተነፋውን ቀለም አልፋቀውም።

"ስሚኝ" አለ ስታይናር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዛሬ አጥበን አዲስ ውሃ እንሙላ። ቅዳሜ ሐማር ከተማ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ዳኞቹ የሚያዩት መልኩን ነው። ከዚያ ራግና ትውሰደው። በሳምንቱ ለምርመራ ነው ብለን ቤቷ እንሄድና ራዲያተሩን እንቀይራለን። ማን ያውቃል?"

ራግና ማሽኑን ያዘዘችው ፊልም አቀናባሪ ናት፤ ከትርኢቱ በቀጥታ ወደ ቤቷ ልትወስደው ቀጠሮ ይዛለች። የዓመት ሥራዋ በዚህ ሳጥን ውስጥ ሊቀመጥ ነው፤ እዚያው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ከዛሬ ነገ የሚበሳ ራዲያተር አለ።

ቱሪድ በልቧ አሰላች። የነሐስ ራዲያተር ነገ ይገኛል፤ ነገር ግን ወፍራም ነው፤ ቱቦዎቹ አይገጥሙትም። ለሳምንታት በሙቅ አየር እያለሰለሰች፣ እንዳይጨፈለቁ ውስጣቸው የጎማ ገመድ እየከተተች ያጠፈቻቸው ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦዎች ናቸው። እንደገና ይታጠፉ ከተባለ የቅዳሜው ትርኢት ቀረ ማለት ነው። ያንን ትርኢት ከወንድሟ ይልቅ የምትፈልገው እርሷ ነበረች። ቱቦዎቹን ትኩር ብላ አየቻቸው፤ ስታይናርም ዓይኗን አይቶ ተስፋ አደረገ።

"አየሽ?" አለ። "ያምራል እኮ።"

በዚህ መካከል ስልኳ ጮኸ። ራግና ናት። ቱሪድ ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ቱሪድዬ! ለቅዳሜ የአጎቴን ትልቁን መኪና ተዋስኩ እኮ! ቆንጅዬዋ እንዴት ናት?"

ስታይናር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

"ስታይናር ይነግርሻል" አለች ቱሪድ፤ ስልኩንም ወደ እርሱ ገፋችው።

"እ… ሰላም ራግና። እንደው ትንሽ… ከፋብሪካው የመጣ ትንሽ እክል ነገር…"

ቱሪድ አልጮኸችም። ሴጌቶዋን አነሣች። ከራዲያተሩ ተነሥቶ ሦስት ቦታ የታጠፈውን፣ ከሁሉ አብልጣ የምትኮራበትን ረጅም ቱቦ በግራ እጇ ያዘች፤ መሐል ለመሐልም ቆረጠችው። ቁራጩ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ራግና።

ስታይናር ቁራጩን አየ፤ እኅቱንም አየ። ሴጌቶው ሁለተኛው ቱቦ ላይ ነበር።

"ቅዳሜ አይደርስም፣ ራግና" አለ። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ከብሎኑ ልጀምርልሽ።"