በፍልሰታ የተደረበው ጠብታ

አንባቢ ሆይ፣ ሰው ሁሉ ሞትን እንደ ጠላት ይሸሸዋል፤ ነገር ግን በሥጋችን ውስጥ በየዕለቱ አእላፍ ሕዋሳት ዕድሜያቸውን ፈጽመው፣ ስፍራቸውንም ለተተኪዎቻቸው ለቅቀው በጸጥታ ባይሞቱልን ኖሮ፣ እኛ ራሳችን አንድ ዓመት እንኳ ባልሰነበትን ነበር። የደም ነቀርሳ የተባለው ብርቱና ክፉ ደዌ የሚጀምረው ይህ ሥርዓት ሲፈርስ ነው፤ የታመመው ሕዋስ አልሞትም ይላል፣ እምቢታውንም ለሚወልዳቸው ሁሉ ያወርሳል፣ ጤነኛው ደም ማደሪያ እስኪያጣም ድረስ ይበዛል። ይህን እምቢተኛ ሕዋስ መሞትን ዳግመኛ ለማስተማር የደከሙ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ የምተርክልህ ግን ደክመው ደክመው በመጨረሻ ድካማቸው ራሱ ስላገዛቸው ስለ አንድ አረጋዊ ነው።

ዶክተር ይትባረክ ወልደ ሰንበት ነገረ ደምን ሲመረምሩ ሠላሳ አንድ ዓመት የፈጁ፣ ሰውነታቸው የከሳ፣ አንደበታቸው የታረመ ሰው ነበሩ። በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ባለች ጠባብ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በመስተዋት ዕቃ ያደጉ የታመሙ ሕዋሳትን በየዓይነቱ መድኃኒት ፈትነዋል፤ መድኃኒቱ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ያስደስታቸዋል፣ በሦስተኛው ሳምንት ሕዋሱ ይለምደውና ያሳፍራቸዋል። በዚያ ዓመት ጳጉሜን ሲያልቅ ጡረታ ይወጣሉ፤ ምኞታቸውም ሕሙማንን የሚረዳ አንድ እውነተኛ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ አግኝተው መሄድ ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመት ከጎናቸው ያልተለዩት የቤተ ሙከራው ባለሙያ ወይዘሮ አስካለማርያም ይህን ምኞት ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር።

የፍልሰታ ጾም ገባ። ዶክተሩ እንደ ልማዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ይውላሉ፤ ክፍሉን ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ስለሚጋሩ ግን የሥራ ተራቸው የሚደርሰው ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዓይናቸው ከጾሙ የተነሣ ሲፈዝ ነው። ነሐሴ ሰባት ቀን ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት ሳሕን ላይ ሦስት ረድፍ ሕዋሳት አሰናዱ፤ የመጀመሪያው ረድፍ ለማነጻጸሪያ ተብሎ መድኃኒት የማይጨመርበት፣ ሁለተኛው አንዱን መድኃኒት የሚቀበል፣ ሦስተኛው ሌላውን የሚቀበል ነበር። ዶክተሩ ግን ለሦስተኛው ረድፍ የሚገባውን መድኃኒት ተሳስተው በሁለተኛው ላይ ደረቡት፤ ሦስተኛው ያለ መድኃኒት ቀረ። ወይዘሮ አስካለ በዓይናቸው በብረቱ አዩ፤ ይሁን እንጂ ያን የሚያህል ሊቅ፣ ለዚያውም ጾመኛ፣ በሰው ፊት ማረም ነውር መስሏቸው ዝም አሉ።

በሁለተኛው ቀን የሁለተኛው ረድፍ ሕዋሳት ተኰማትረውና ተበጣጥሰው ሞተው ተገኙ፤ የቀሩት ግን እንደ ወትሮው በሕይወት ነበሩ። ዶክተሩ አንዱ መድኃኒት ብቻውን ድል እንዳደረገ አምነው፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው፣ በላይኛው ፎቅ ለተኙት ሕሙማን ሐኪሞች ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ወይዘሮ አስካለ ያን ሌሊት ዕንቅልፍ አጡ፤ በማግሥቱም ደብዳቤው ሳይላክ ቀርበው እንዲህ አሉ፦

«ዶክተር፣ ያ ረድፍ የሞተው በአንዱ መድኃኒት ብቻ አይደለም። ሁለተኛውን ሲደርቡበት አይቻለሁ። አፍሬ ዝም አልሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን ቀስ ብለው አጠፉት። ቀጥሎም ፊታቸው በራ። «እንግዲያስ ሁለቱ ተባብረው ነዋ! አንዱ የሕዋሱን መከላከያ ሲያስጥለው፣ ሌላው ይጨርሰዋል!» አሉ። ደብዳቤውንም ወደ ኪሳቸው ከትተው፣ «አስካለ፣ እንዲህ ዝም ያልሽበት ሌላ ጊዜ አለ?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮዋ መሬት መሬት እያዩ መለሱ፦ «ካቻምና በፍልሰታ። ያን ጊዜም እንዲሁ ደርበውት ነበር። ረድፉ በሙሉ ሞቶ ባገኘሁት ጊዜ ተበላሸ ብዬ፣ እርስዎም እንዳያዝኑ ብዬ፣ ሳያዩት ጣልሁትና ሌላ አዘጋጀሁ።»

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ብሆን በጮኽሁ ነበር። ዶክተር ይትባረክ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሻሹ፤ «ካቻምና ሁለት ዓመት ነበረኝ፤ ዛሬ ሃያ አምስት ቀን ቀርቶኛል» አሉ፣ ከዚህም ሌላ የቁጣ ቃል አልወጣቸውም። የመድኃኒት ማንጠባጠቢያውን ፒፔት ለወይዘሮ አስካለ ሰጥተው፣ «አንቺ ጨምሪ፣ እኔ ልይ፤ ሁለታችንም ስንሳሳት እንነጋገር» ብለው ሙከራውን ሦስት ጊዜ አስደገሙ፤ ጤነኛ የደም ሕዋሳትንም በአንድ ረድፍ ጨመሩ። በሦስቱም ጊዜ የታመሙት ሞቱ፣ ከጤነኞቹ አብዛኞቹ ተረፉ።

ከሳሕን እስከ ሕሙማን አልጋ ያለው መንገድ የብዙ ዓመት መንገድ ነውና፣ ዶክተሩ በጳጉሜን መጨረሻ መዝገቡን ለሌሎች አስረክበው ወጡ። ግኝቱ ከስሕተት እንደ ተወለደ፣ አስቀድሞም አንድ ጊዜ ተወልዶ እንደ ተጣለ፣ የጣለውን ሰው ስም ሳያነሡ በእጃቸው ጽፈውበታል። ወይዘሮ አስካለ የዶክተሩን ቦርሳ ተሸክመው እያለቀሱ እስከ በሩ ሸኟቸው፤ እርሳቸውም «አይዞሽ» አሉና፣ ደክሟቸው ስለ ነበር፣ በደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። አንባቢ ሆይ፣ አረጋዊን ከስሕተቱ ይልቅ የሚያደክመው፣ ስሕተቱን ከዓይኑ የሚሰውርለት የወዳጁ ርኅራኄ ነው።