የተላሰው ማንኪያ

የባሌ እህት አንድ ክረምት ሙሉ ከእኔ ጋር የቃሪያ ሶስ ስትሠራ ከረመች። ከዚያ ሶስ ወደማቀርብለት ባለምግብ ቤት ሄዳ፣ «የወንድሜ ሚስት ሳል ጠንቶባታል፤ ድስቱ ላይ ነው የምትስለው። እኔ ላቅርብልህ» አለችው።

ሳል የለብኝም። ሰውየው ግን በማግስቱ ጠርሙሶቼን መለሰልኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ነገ ሌላው ደንበኛ ይሰማል፣ ከነገ ወዲያ ጎረቤቱ ልጆቼን ይሸሻል።

«እህቴ ናት፣ ተያት» አለኝ ባሌ።

«ተውኳት» አልኩት። አልተውኳትም።

ሰውየውን ለምኜ፣ ቅዳሜ የሁለታችንን ሶስ አስተያይቶ እንዲቆርጥ አግባባሁት። እሷ ሙያውን ጨርሳ ወስዳለች፦ ድንቹን ፈግፍጎ በጨርቅ መጭመቅ፣ ከውሃው ሥር የዘቀጠውን ነጭ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ የሚፈላው ቃሪያ ላይ ማፍሰስ፣ እስኪወፍር ማማሰል፣ ሲበርድ ኮምጣጤ ጨምሮ ማሸግ። አንድ ነገር ግን አልወሰደችም። በእኔ ቤት የቀመሱበት ማንኪያ ድስት ውስጥ ተመልሶ አይገባም። ምራቅ የወፈረውን ስታርች ፈትቶ ያቀጥነዋል፤ ትምህርት ቤት ዳቦ አፋችን ውስጥ እስኪጣፍጥ ያስኘኩን ምራቅ ስታርችን እንደሚፈታ ሊያሳዩን ነበር። እሷ ልሳ መልሳ ነው የምትነክረው። ማንኪያውን በነጠቅኳት ቁጥር፣ «ኤዲያ! አንቺ ደግሞ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ» ትለኝ ነበር።

ዓርብ ደወልኩላት።

«እቴ፣ ሰውየው ጨው የበዛበት አይወድም። ኮምጣጤውን ከመጨመርሽ በፊት፣ ለብ ሲል ደጋግመሽ ቅመሺ።»

«ውይ፣ አንቺስ ደግ ነሽ!» አለችኝ።

ቅዳሜ ምግብ ቤቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከጭንቀቴ የተነሳ ጉሮሮዬን በላኝ። እዚህ ብስል አበቃልኝ! ትንፋሼን ዋጥኩ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሰውየው መጀመሪያ የእሷን ጠርሙስ ዘቀዘቀ። ሶሱ ዠው ብሎ ወጣ፤ ውሃው ለብቻው ሳህኑን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ወረደ።

«ይሄ ሶስ ነው ወይስ የቃሪያ እጣቢ?» አለ።

«ድስቱ ውስጥ እያለ ወፍራም ነበር እኮ!» ፊቷ በርበሬ መሰለ። ወደ እኔ ዞረች። «ምን አድርገሽብኝ ነው?»

«እኔ? ድስትሽን የት አየሁት?»

የእኔን ዘቀዘቀ። አልወጣም። በቃ፣ ረግቶ ቀረ፣ አለቀልኝ ስል፣ ዝግ ብሎ ወርዶ ሳህኑ መሀል ቁጭ አለ። ሰውየው በዳቦ ጠርጎ በላና፣ «ከሰኞ ጀምረሽ አምጪ» አለኝ።

መንገድ ላይ ሮጣ ደረሰችብኝና ክንዴን ያዘች።

«በወንድሜ ሞት፣ ምኑን ነው የደበቅሽኝ?»

ስንት ሰዓት ያፈንኩትን ሳል ያን ጊዜ ለቀቅኩት። አጎንብሼ፣ እስኪበቃኝ ሳልኩ። ከዚያ ክንዴን አስለቀቅኳት።

«ራቅ በይ እህቴ፣ ሳሌ ጠንቷል። ይጋባብሻል።»